ሐኪም ዘንድ ከመድረስ በፊት፦ የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች ስለ አንጎል ጤና ሕዝቡን ማስተማር ለምን ፈለጉ?

የዓለም የነርቭ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጁላይ 22፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 15፣ የዓለም የአንጎል ቀን ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል። ዕለቱ የተመረጠው ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1957 በብራስልስ የተመሠረተበት ቀን በመሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጥል በሽታ፣ ስትሮክ፣ የአየር ብክለት፣ ማይግሬንና ፓርኪንሰን በየተራ የዓመቱ ርእስ ሆነዋል፤ በ2024 ደግሞ ትኩረቱ በሽታዎቹን አስቀድሞ መከላከል ላይ ነበር። ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነና በሥራ የተጨናነቁ ሐኪሞች ከሕክምና ክፍላቸው ወጥተው በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤትና በአደባባይ ለማስተማር ጊዜያቸውን የሚሰጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሽተኛው እነሱ ዘንድ በሚደርስበት ሰዓት ሊደረግለት ይችል ከነበረው እርዳታ አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል። የብዙ አንጎል ነክ ሕመሞች ውጤት የሚወሰነው ከሆስፒታል ውጭ፣ በቤት፣ በሥራ ቦታና በመንገድ ላይ፣ የሕክምና ትምህርት በሌላቸው ሰዎች ውሳኔ ነው።

ይህ የሆነው ከአንጎል ተፈጥሮ የተነሣ ነው። አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝንና ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ ሰውነት ዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀመው ኃይልና ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ሁሉ እየተጠቀመ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጡንቻና ጉበት ስኳር ሲያከማቹ አንጎል በደም አማካይነት በየቅጽበቱ በሚደርሰው ላይ ብቻ ይኖራል፤ ስለዚህ የደም ፍሰቱ ሲቋረጥ የነርቭ ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። የቆሰለ ቆዳ ይሽራል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የሞተ የነርቭ ሴል ግን በአብዛኛው አይተካም። ከጉዳት በኋላ የሚታየው መሻሻል የሚመጣው ከጉዳቱ የተረፉት የአንጎል ክፍሎች የሞቱትን ሥራ በልምምድ ቀስ በቀስ ሲረከቡ ነው። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ልምምድ የሚሰጠው ሕክምና፣ በጊዜ እንዲጀመርና እንዳይቋረጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ዓለም አቀፍ ጥናት መመልከት ይበቃል። ጥናቱ በ2021 ከ3.4 ቢሊዮን በላይ ሰዎች፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 43 በመቶ ያህሉ፣ የነርቭ ሥርዓትን የሚነካ አንድ ዓይነት ችግር እንደነበረባቸውና 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል። ቁጥሩ ራስ ምታትንና ማይግሬንን ስለሚጨምር ሁሉም ከባድ ሕመም ነው ማለት አይደለም። ከፍተኛውን ጉዳት ካደረሱት መካከል ግን ስትሮክ፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት፣ የመርሳት በሽታ፣ ማጅራት ገትርና የሚጥል በሽታ ይገኛሉ። ከሞቱና ከጤና ጉዳቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መረጃ መሠረት ደግሞ በበለጸጉት አገሮች ለ100 ሺህ ሰው 7.1 የነርቭ ሕክምናና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሲኖሩ፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ያለው ድርሻ 0.1 ብቻ ነው፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ባለሙያ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የሠለጠኑት ሐኪሞች የማይናቅ ለውጥ ቢያመጡም አብዛኞቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው።

በዚህ ሁኔታ ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የሚጥል በሽታንና ሌሎች የነርቭ ሕመሞችን የሚመለከት እስከ 2031 የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር ሲያጸድቅ፣ ሁሉም አገሮች እስከዚያ ዓመት ድረስ ቢያንስ አንድ በሥራ ላይ ያለ የግንዛቤ ማስጨበጫ ወይም የቅስቀሳ መርሐ ግብር እንዲኖራቸው ግብ አድርጎ አስቀምጧል። ሕዝብን ማስተማር ከመድኃኒትና ከምርመራ መሣሪያ ጎን ለጎን እንደ አንድ የሕክምና አገልግሎት ተቆጥሯል ማለት ነው። ይህ ተገቢ ስለመሆኑ ከስትሮክ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳይደረግ በሚቆይባቸው ሁኔታዎች በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን ሲቲ ስካን ተነሥቶ የደም መፍሰስ አለመኖሩ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የፈነዳ የደም ሥር ላለበት ሰው ይኸው መድኃኒት ገዳይ ነው። በአገራችን መድኃኒቱንም መሣሪያውንም የያዙት ተቋማት ጥቂት ናቸው። ነገር ግን መድኃኒቱ በማይገኝበት ሆስፒታል እንኳ ቶሎ የደረሰ በሽተኛ የደም ግፊቱና የስኳር መጠኑ ይስተካከልለታል፣ ምግብና ውኃ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ይጠበቃል፣ ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይከተልም ሕክምና ይጀመርለታል።

ምልክቶቹ ማንም ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው። የፊት አንድ ጎን ድንገት ይወድቃል ወይም አፍ ይጣመማል፤ አንድ ክንድ ወይም እግር ይዝላል፤ ንግግር ይኮላተፋል ወይም ትርጉም ያጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እይታ ይጠፋል፣ ሚዛን ይስታል፣ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታት በድንገት ይመጣል። በእኛ ዘንድ የአፍ መጣመም «ምች ነው» ተብሎ በዳማ ከሴና በመታሸት ቀናት የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። የፊት ነርቭ ብቻውን ታሞ ስትሮክ ሳይሆን ፊት የሚጣመምበት ሁኔታ በእርግጥ አለ፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን የመለየት ሥራ ለሐኪም መተው አለበት፤ በተለይ ክንድ ከደከመ ወይም ንግግር ከተበላሸ አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም። ቤተሰብ ምልክቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረ ማስታወስ፣ ለበሽተኛው የሚበላም የሚጠጣም ነገር አለመስጠትና አስፕሪንን በራሱ ውሳኔ አለማዋጥ ይጠበቅበታል። በኢትዮጵያ ከበለጸጉት አገሮች ይልቅ የደም መፍሰሱ ዓይነት ስትሮክ ድርሻ ከፍ ያለ በመሆኑ በጎ አስቦ የተሰጠ አስፕሪን ደሙን ሊያባብሰው ይችላል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም «ተሻለው» ብሎ መተው ትልቅ አደጋ ነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት ለሚመጣ ከባድ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

የስትሮክ ዋነኛው መንሥኤ የደም ግፊት ነው። ግፊቱ ለዓመታት ምንም ሕመም ሳያሰማ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ያለበትን ሰው የሚያሳውቀው መለካት ብቻ ነው። በተደጋጋሚ ሲለካ 140/90ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል። ሐኪሞች አጥብቀው የሚያዝኑበት ጉዳይ ግን ሳይለካ የቀረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ክኒን ተጀምሮለት ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ ያቋረጠውም ነው። ግፊቱ የተስተካከለው መድኃኒቱ ስለሚወሰድ ነው፤ ሲቋረጥ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል። በበርበሬው፣ በሽሮውና በወጡ ውስጥ ተደራርቦ የሚገባውን ጨው ላሰበ ሰው ይህ መጠን በቀላሉ የሚታለፍ ነው። በወጣቶች ላይ የሚታይ ሌላም መንገድ አለ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የልብን በሮች የሚጎዳ የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፣ በታመመው ልብ ውስጥ የሚረጋው ደምም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። የአሥር ዓመት ልጅን ቶንሲል በአግባቡ ማሳከም በሠላሳ ዓመቱ ከሚመጣ ስትሮክ ሊያድነው ይችላል።

የሚጥል በሽታ ግን ከሁሉም ይልቅ የዕውቀት ማነስ የበረታበት ሕመም ነው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። በትክክል ተለይቶ ቢታከም ከታማሚዎቹ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ፣ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ተገቢውን ሕክምና እንደማያገኙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በኢትዮጵያ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ በሚሆን ሕዝብ መካከል ቤት ለቤት ዞረው ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል፤ ከእነዚህም ዘመናዊ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጥናቱ በሆስፒታል መዝገብ ላይ ቢወሰን ኖሮ አብዛኞቹ ታማሚዎች ባልታዩ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ነበሩና።

በሽታው የሚመጣው የተወሰኑ የአንጎል ሴሎች ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ንዝረት በአንድ ጊዜ ሲያሰሙ ነው። መነሻው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትርና ሌላ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የጭንቅላት አደጋ ወይም በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ሰዎች ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። በምራቅም ሆነ በአረፋ ወይም በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህ ዓረፍተ ነገር በየቤቱ ቢደርስ ብቻ የሚያተርፈው ሰው ብዙ ነው፤ ምድጃ አጠገብ የወደቀን ሰው «ይተላለፍብኛል» ብሎ ከእሳት ሳያወጡ መቆም በአገራችን የደረሰ ነገር ነውና። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አንዘፍዛፊውን አያቆመውም። አፍ ውስጥ ማንኪያ ወይም እንጨት መክተት ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽም ይዘጋል፤ ምላስን መዋጥ የሚባል ነገርም የለም። ማድረግ የሚገባው በሽተኛውን ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ማላላት፣ በጎኑ ማስተኛትና እስኪነቃ አብሮ መቆየት ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በፍጥነት ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ አለበት።

ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዋጋቸው ዝቅተኛ ከመሆኑም በላይ የነርቭ ስፔሻሊስት በሌለበት ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሊሰጡ ይችላሉ። ሕክምናው ግን ጽናት ይጠይቃል፤ በድንገት ማቋረጥ ያለማቋረጥ የሚጥልና ሕይወትን የሚያጠፋ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል። ቢያንስ ለ2 ዓመት ሳይጥለው የቆየ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መጠኑን ቀስ እያለ መቀነስ የሚችልበት ዕድል አለ። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት መድኃኒቷን ከሐኪም ጋር በጥንቃቄ መምረጥ ይኖርባታል፤ በተለይ ቫልፕሮይክ አሲድ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ጠበልን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ እምነት የሰውን ልብ የሚደግፍ ስለሆነ ጸሎቱም ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑ ግን ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። ይህን ቃል ከሐኪም ይልቅ ከንስሐ አባት የሰማ በሽተኛ ይበልጥ እንደሚቀበለው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የሃይማኖት አባቶች የዚህ ትምህርት ዋና አስተማሪዎች መሆን አለባቸው።

የአንጎል ጤና ጥበቃ ከመወለድ በፊት እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ፅንሱ በተጀመረ በ28 ቀናት ውስጥ፣ ማለትም አብዛኞቹ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ቱቦው ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ተከፍቶ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሟላ ይወለዳል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶችም ችግሩ በአገሪቱ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ መውሰድ አብዛኛውን ይከላከላል። የእርግዝና ክትትል በሦስተኛው ወር ሲጀመር የሚሰጠው ክኒን ለሌላ ነገር ቢጠቅምም ለዚህ ዘግይቷል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። እርምጃው መልካም ነው፤ ነገር ግን እህሉን በሰፈር ወፍጮ የሚያስፈጭ፣ እንጀራውን ከጤፍ የሚጋግር የገጠር ቤተሰብ የፋብሪካ ዱቄት እምብዛም አይገዛም። ስለዚህ ለማግባት የተዘጋጁ ወጣት ሴቶችን አስቀድሞ ማስተማርን ዱቄቱ አይተካውም።

ጓያ ደግሞ ዕውቀት ከማንኛውም መድኃኒት እንደሚቀድም የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ ነው። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም ችሎ ስለሚበቅል ሌላው እህል በጠፋበት ዘመን ሕይወት ያቆየ ሰብል ነው። ይሁን እንጂ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል። በደንቢያና በፎገራ ሜዳዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽም በደላንታና ዳውንት፣ ብዙዎች በተለይም ወጣት ወንዶች እግራቸው ገትሮ በምርኩዝ የሚሄዱ ሆነዋል። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው ሕክምና የለም። በአንዳንድ አካባቢ በሽታው ከእንፋሎቱ ወይም ገለባውን ከመርገጥ እንደሚመጣ ይታመን ስለነበር ሰዎች ከእንፋሎቱ እየሸሹ እህሉን ይበሉ ነበር። ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ለገበሬው በቀጥታ የሚጠቅም ነው። ጥሬ እሸቱ፣ ቅቅሉና ቆሎው አደገኛ ናቸው፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ከቅመማ ቅመም ጋር በወጥ መልክ መብላትም አደጋውን ዝቅ ያደርጋል። ለድሀ ገበሬ «ጓያ አትብላ» የሚለው ምክር ባዶ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚበላው የሚነግረው ምክር ግን እግሩን ያተርፍለታል።

ስለ አረጋውያንም መናገር ያስፈልጋል። «ጃጅተዋል» በሚለው ቃል የሚታለፉ እናቶችና አባቶች ሁሉ በእርጅና ብቻ የተዳከሙ አይደሉም። የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ የዕድሜ ግዴታ አይደለም። ከዚህም በላይ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ድባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ወይም ከሳምንታት በፊት ወድቀው በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም የመርሳት በሽታን ሊመስል ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 ሊለወጡ የሚችሉ ምክንያቶችን በመቆጣጠር በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነሱም መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ አልኮል፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለት ይገኛሉ፤ በጭስ በታፈነ ማድ ቤት ዕድሜያቸውን ለሚያሳልፉ እናቶቻችን የመጨረሻው የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሕክምና ያላገኘ የመስማትና የማየት ችግርም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የዓይን ሞራ የጋረዳቸውን አያት ማሳከም ከዓይናቸው አልፎ አንጎላቸውንም ሊጠቅም ይችላል።

የግንዛቤ ሥራው እንዴት መካሄድ እንዳለበት ሳስብ፣ በዓመት አንድ ቀን በአዳራሽ የሚደረግ ስብሰባ ብቻውን ብዙ ርቀት እንደማይወስደን እገምታለሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ «አንጎልን የሚያድስ» እየተባለ የሚሸጠው እንክብልና ቅጠል ከሐኪሞቹ ድምፅ በላይ እየተሰማ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን በየቤቱ ይገባሉ፣ በቋንቋውም ይናገራሉ። በዚህ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖ የደም ግፊቱን ያልተለካ ሰው አለ ወይ? የሚጥለው ሰው አለ ወይ፣ መድኃኒቱንስ ይወስዳል? ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ፎሊክ አሲድ ጀምራለች? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በመደበኛ ሥራቸው ላይ ቢጨምሩ ተደብቆ የኖረው በሽተኛ ይገኛል። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው የሚሠራ የግፊት መለኪያ ሊኖረው፣ ፌኖባርቢታልና ፎሊክ አሲድም ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጡ ከመደርደሪያው ላይ ሊገኙ ይገባል፤ ተመክሮ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዞ የመጣ በሽተኛ «መድኃኒቱ አልቋል» ተብሎ ከተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነገረውን አያምንምና።